የልጅ የንግግር ልምምድ በቤት፦ ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) ከቴራፒው ጎን የምትጠቀሙ ወላጆች እንዴት እያደረጋችሁ ነው?

የሳሪሷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ ይማራል። የሚለው ሁሉ ለእኔ ይገባኛል፣ ለሌላ ሰው ግን አይገባም። "ቁልፍ" ለማለት "ጡልፍ"፣ "ካልሲ" ለማለት "ታልሲ" ይላል። ክፍል ውስጥ ልጆች ስለሚስቁበት አሁን አሁን መምህርቷ ስትጠይቀው ዝም ማለት ጀምሯል። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ይሄ ዝምታው ነው።

ጆሮውን አስመርምረናል፣ ደህና ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) እንወስደዋለን። ቴራፒስቷ ጎበዝ ናት፣ ልጁም ይወዳታል። ከዚያ በላይ ለመውሰድ ግን አቅም የለንም። እሷም ብትሆን "ትልቁ ሥራ ቤት ነው" ትለናለች። እኔና አባቱ ደግሞ ማታ ደክሞን ነው የምንገባው። ያንኑ የቃላት ወረቀት ስናወጣ ልጁ ከወዲሁ ይሸሻል።

ስለዚህ ስልኬ ላይ ባለው ኤአይ መሞከር ጀመርኩ። ቃላት አውጣልኝ ስለው ያወጣል። ስለ ኳስ፣ ስለ መኪና አጭር ተረት ጻፍልኝ ስለው ይጽፋል። ተረቱን ልጄ ወዶታል። ችግሩ የመጣው በድምፅ እንዲለማመድ ሳደርገው ነው። ልጁ "ጡልፍ" ሲል ስልኩ "ቁልፍ! በጣም ጎበዝ!" ይለዋል። ልጁም ደስ ብሎት ዞር ብሎ ያየኛል። እኔ ታዲያ ምን ልበለው? ስልኩ ጎበዝ ያለውን እናቱ ተሳስተሃል ልትለው ነው?

እናንተ እንዴት ይዛችሁታል? ልተወው ወይስ ሌላ አጠቃቀም አለው?

አባት ከመቱ

እህቴ፣ አንቺ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ባለሙያ ታገኚያለሽ። እኔ ያለሁት መቱ ነው። እዚህ የንግግር ቴራፒስት አፈላልጌ አላገኘሁም። ልጄን አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳት፣ ከዚያ በኋላ ቴራፒስቷ በቴሌግራም ነው የምትከታተልልን። በመሃል ያለውን ጊዜ የምንሞላው በስልክ ነው። ስለዚህ "ተዪው" አልልሽም።

የእኔ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። "ረ"ን "ለ" ታደርገዋለች። ለሰው ቀላል ይመስላል። ግን "አባዬ ጠራኝ" ለማለት "አባዬ ጠላኝ" ስትል አስቡት። አያቷ መጀመሪያ የሰማች ቀን እኔን ልትቆጣኝ ተነስታ ነበር።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። ኤአዩን "ልጄ ረ እንድትል ምላሷን እንዴት ታድርግ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ምላሷን ወደ ኋላ ጠቅለል ታድርግ፣ ጫፉ ምንም አይንካ" አለኝ። እሷም እንደዚያ ስታደርግ የሚወጣው ድምፅ የፈረንጅ ሆነ። ይሄ ልክ ነው?

ቴራፒስት ነኝ

ሁለታችሁም የጠየቃችሁት ዋናውን ነገር ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሥራዬ ይሄው ነው።

ከመቱው አባት ልጀምር። ልክ አይደለም። ኤአዩ የነገረዎት የእንግሊዝኛውን "ረ" ነው። የእኛ "ረ" የሚወጣው የምላስ ጫፍ ከላይ ጥርሶች ጀርባ ያለውን ድድ ቶሎ መታ ሲያደርግ ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ይርገበገባል። አብዛኛው ኤአይ ስለ ንግግር ሕክምና ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ ቢመልስልዎትም ምክሩ የእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ምላስ የት ይሁን፣ አፍ እንዴት ይከፈት የሚለውን ከኤአይ አይውሰዱ። እሱን ከቴራፒስትዎ በቪዲዮ ያግኙ።

የሳሪሷ እናት፣ ስልኩ ልጅሽ ላይ እንዲፈርድ አታድርጊ። ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መለየት የሰው ጆሮ ሥራ ነው። የአንቺ ጆሮ ይበቃል። "ቁ" እና "ጡ"ን ለይተሽ ትሰሚያለሽ፣ ስልኩ ገና አይለይም። በአንቺና በስልኩ መካከል ልጁ እንዲመርጥ ማድረግ ደግሞ አያስፈልግም። የድምፅ ልምምዱን ዝጊውና ኤአዩን ወደ ሌላ ሥራ አዙሪው፣ ልጁ ሳይሆን አንቺ የምትጠቀሚበት ይሁን።

ለምን ይጠቅማል? ወረቀቱ ሰልችቶታል ብለሻል። አየሽ፣ አንድ ድምፅ እስኪለምድ ልጅ በጣም ብዙ ጊዜ ሊለው ይገባል፣ ያው ወረቀት ደግሞ ቶሎ ያሰለቻል። ኤአይ እዚህ ላይ ጥሩ ረዳት ነው። በየቀኑ አዲስ ተረት፣ አዲስ ጨዋታ፣ አዲስ የሥዕል ሐሳብ ያወጣል። ልጅሽ ኳስ ከወደደ ኳስ፣ መኪና ከወደደ መኪና። ሁለቱም ቃላት "ከ" አላቸው፣ ዕድለኛ ነሽ።

ግን የሚያወጣውን ቃል ሁሉ ለልጁ አትስጪ። "በቀ የሚጀምሩ ቃላት ስጠኝ" ብትዪው "ቅጠል"ን እና "ቁጥር"ን ይሰጥሻል። ለልጅሽ እነዚህ ከባድ ናቸው። ውስጣቸው "ጠ" አለ፣ እሱ ደግሞ "ቀ"ን የሚለውጠው በ"ጠ" ነው። "ጥጠል" ይልሽና ተስፋ ይቆርጣል። "ቆሎ"፣ "ቅቤ"፣ "ቀሚስ"፣ "ቃሪያ" ይሻላሉ። "ቀ" በቃሉ መሃል ሲመጣ "ጨረቃ" እና "እንቁላል"፣ በቃሉ መጨረሻ ሲመጣ "ሳቅ" እና "ወርቅ"። ኤአዩ ይሄን ልዩነት በራሱ አያውቅም። ከነገርሽው ግን ይሠራል።

ቅደም ተከተሉን ቴራፒስትሽ ትወስን። እኔ ብዙ ጊዜ ከ"ቀ" በፊት "ከ"ን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም "ቀ" ሁለት ሥራ አለው፤ የምላስ ጀርባ መነሳቱና ጉሮሮ ላይ ያለው ፍንዳታ። ፊደላችን ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ፣ ኮ። ብቻውን ከሚወጣ ድምፅ ወደ ቃል የሚያሻግረው መሰላል ይሄ ነው። "ኩ" እና "ኮ" ላይ ምላስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ለብዙ ልጆች እዚያ ይቀላል። "ኮፍያ"፣ "ኮት"፣ "ኩባያ" ብለሽ ጀምሪ።

ጊዜው አጭር ይሁን። ማታ ደክሟችሁ ግማሽ ሰዓት ከምትታገሉ ጠዋት ጫማ ሲያደርግ አምስት ደቂቃ፣ ማታ ሲታጠብ አምስት ደቂቃ። ከልምምዱ ውጪ "ታልሲዬ የት አለ?" ሲልሽ "በደንብ በል!" አትበዪው። "ካልሲህን ነው? ካልሲህ አልጋው ላይ ነው" በዪው። ትክክለኛውን ይሰማል፣ ወሬውም አይቋረጥም። ክፍል ውስጥ ዝም ማለት የጀመረ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሲናገር መታረም ሳይሆን መልስ ማግኘት አለበት።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ

የቴራፒስቷን መልስ ከኔ ሙያ በኩል ልደግፍ። ስልኩ "ጡልፍ"ን "ቁልፍ" ብሎ የሰማው ስለተበላሸ አይደለም። የተሠራው እንደዚያ እንዲያደርግ ነው።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል (የኤአይ ፕሮግራም) የሚሠለጥነው ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ እንዲገምት ነው። "ጡልፍ" የሚባል ቃል አያውቅም፣ "ቁልፍ"ን ያውቃል፣ ስለዚህ ወደሚያውቀው ይጠጋል። ለእኔና ለአንቺ መልእክት በድምፅ ስንጽፍ ይሄ ጥቅም ነው። ለልጁ ግን ልናርመው የፈለግነውን ስህተት ደብቆ ያሳልፈዋል።

ሌላው የልጅ ድምፅ ነው። የልጅ ጉሮሮና አፍ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ከአዋቂ ይለያል፣ ሞዴሎቹ የሰሙት ደግሞ በአብዛኛው አዋቂ ነው። አማርኛው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዊስፐር የሚባለው ሞዴል በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ነው የሠለጠነው፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንግሊዝኛ ነው። ቀሪውን ወደ መቶ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይካፈሉታል። አማርኛ ከነዚያ አንዱ ነው።

ስልኩ ጽሑፍ በድምፅ ሲያነብም ተጠንቀቁ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። "ገና" በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው ይሁን እኛ ከአረፍተ ነገሩ እንለያለን። "ይበላል" ልጁ ይበላል ይሁን ምግቡ ይበላል፣ እንደዚሁ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ በግምት ያነባል። ድምፅ ለሚለማመድ ልጅ ምሳሌ የሚሆነው አነባበብ በግምት መሆን የለበትም። ተረቱን ኤአዩ ይጻፍ፣ እናት ታንብበው።

የአራት ልጆች አያት

ልጆቼ፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ይዘገያል። የእኔም ሁለተኛው እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ጠበቃ ነው። በእኛ ጊዜ ምላሱ ታስሮ ነው ተብሎ ይቆረጥለት ነበር፣ እንጥልም ይወጣ ነበር። ልጁን አታስጨንቁት።

ቴራፒስት ነኝ

እትዬ፣ ልጅዎ ለዚህ በመብቃቱ ደስ ብሎኛል። "ልጁን አታስጨንቁት" ያሉትንም እኔም እላለሁ። ግን ምላስ መቁረጥና እንጥል ማስወጣት ለንግግር አይጠቅምም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። በምላስ ሥር ያለው ክር በእርግጥ ያጠረባቸው ልጆች አሉ፣ እሱን ግን ሐኪም አይቶ ነው የሚወስነው። "ወንድ ስለሆነ ይደርሳል" እየተባለ የዘገየ ልጅም ብዙ አይቻለሁ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ሊሉ ይችላሉ፣ ልዩነቱ ግን ዓመታት አይደለም። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም ልጅ መታየት አለበት። ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቶሎ ይታይ።

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያላችሁም ካላችሁ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን ከንግግር ቴራፒ ጋር ነው የሚሰጠው። እነዚህ ልጆች ላይ አየር በአፍንጫ ሲያመልጥ ስልክ አይለየውም፣ እንዲያውም ልጁ በጉሮሮው ማካካስ ከለመደ በኋላ "ጎበዝ" ቢለው ያንኑ ያጸናበታል። ፊኛ ማስነፋትም "ልምምድ" ተብሎ በኤአይ ይመከራል። ፊኛ መንፋት ንግግር አያስተካክልም። ንግግር የሚሻሻለው በመናገር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ ነኝ። የእኔ ነገር ትንሽ ይለያል፣ ግን እዚህ ያላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ልጄ ትምህርት ቤት ስፒች ታገኛለች፣ በእንግሊዝኛ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው "ቤት አማርኛውን ተዉት፣ ሁለት ቋንቋ ነው ያምታታት" ብሎን ነበር። ባለቤቴ ሊያምን ምንም አልቀረውም። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። አማርኛውን ብናቆም ኖሮ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አብራት ከምትውለው አያቷ ጋር አታወራም ማለት ነው። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለት ቋንቋ መናገር የንግግር ችግር አያመጣም፣ ያለውንም አያባብስም። ይሄን አትሸማቀቁ፣ ንገሯቸው። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግም ልጅ ሲመዘን በራሱ ቋንቋ እንዲመዘን ያዝዛል፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት እስኪገባ አትጠብቁ፣ በየስቴቱ ለእነሱ የተለየ አገልግሎት አለ።

ኤአዩን የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ነው። ቴራፒስቷ በየሳምንቱ የምትልከውን ወረቀት ለእማዬ በአማርኛ ያስረዳልኛል። ዝም ብሎ እንዲተረጉመው አይደለም። ቃሉን ቢተረጉመው ድምፁ ይጠፋል። "ሳን" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል "ፀሐይ" ብሎ ከተረጎመው "ሰ" የት አለ? ስለዚህ "ዓላማው ሰ መለማመድ ነው፣ በአማርኛ ሰ ያለባቸው ቤት ውስጥ የሚገኙ ነገሮች አውጣ" እለዋለሁ። "ሳሙና"፣ "ስኒ"፣ "ሰሃን"። እማዬ ቡና ስታፈላ ስኒውን እያነሳች ታስላታለች። እንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉትን "ቀ" እና "ጠ"ን የመሳሰሉትን ደግሞ የትምህርት ቤቷ ቴራፒስት አትሰማቸውም፣ እነሱን የምትከታተለው እማዬ ናት።

አሽዶድ

እዚህ እስራኤልም እንደዚያው ነው፣ ቴራፒው በዕብራይስጥ፣ ቤት አማርኛ። ከላይ የጻፈችውን እህት ሐሳብ ወስጃለሁ። ለእናቴ ላነብላት ነው።

የናሆም እናት

የእኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በቃል ብዙ አይናገርም። እናንተ ስለ ድምፅ ስታወሩ እኔ ቀናሁባችሁ፣ ይቅር በሉኝ። ግን የምለው አለኝ።

ለእኔ ኤአይ የሠራልኝ ሥዕል ነው። የእኛን ኑሮ የሚመስል የሥዕል ሰሌዳ ገበያ ላይ የለም። የፈረንጆቹ ላይ ሳንድዊች ነው ያለው፣ ልጄ የሚበላው እንጀራ ነው። የእኛን ሰፌድ፣ የእኛን ጀበና፣ ሚኒባስ ታክሲውን አሠርቼ አትሜ ለጠፍኩ። "ውሃ" የሚለውን ሥዕል አንስቶ ሲሰጠኝ ያገኘሁትን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ቀድሞ ሲጠማው ራሱን ይመታ ነበር።

ሥዕል መጠቀም ንግግርን ያስቀራል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። አትስሟቸው፣ አያስቀርም። ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማረውና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ስትከፍት ለልጇ የሚሆን ቦታ አጥታ ነው። አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብላ የሠራችውን የማስተማሪያ ዘዴም ከራሳችን ፊደል ድምፅ ተነስታ ነው የሠራችው። እነዚህ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ እሷ ያንን አሳይታናለች።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። ስልኩ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ሁልጊዜ ይመልሳል። ልጄ ከእሱ ጋር መቀመጥን ከእኔ ጋር ከመቀመጥ እንዳይመርጥ። ስለዚህ ስልኩ የሚሠራው እሱ ሲተኛ ነው፣ ሲነቃ ወረቀቱና እኔ ነን።

የሳሪሷ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የናሆም እናት፣ ሰሌዳውን እንዴት እንዳሠራሽው በውስጥ መስመር ብትልኪልኝ ለጎረቤቴ ልጅ እፈልገዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የልጄን ድምፅ ቀድቼ ኤአዩ ላይ ጭኜ ነበር፣ "ስህተቱን ንገረኝ" ብዬ። አባቱ ይሄን አልወደደውም። ስጋቱ ትክክል ነው?

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ

ትክክል ነው፣ በሁለት በኩል። አንደኛ ስህተቱን አይነግርሽም፣ ከላይ ባልኩት ምክንያት። ሁለተኛ የልጅ ድምፅ የልጁ ነው፣ የት እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚውል አንቺ አትቆጣጠሪውም። ቻትጂፒቲ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳልሆነ ደንቡ ላይ አለ። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የምርመራ ወረቀቱን አትጫኚ። "አምስት ዓመቱ ነው፣ ከ ን ተ ይላል" በቂ ነው። የጫንሽውን ከታሪክ ማስቀመጫው አጥፊው። ድምፅ መቅዳት ከፈለግሽ በስልኩ ተራ መቅጃ ቅጂና ለቴራፒስትሽ ብቻ ላኪ።

ቴራፒስት ነኝ

መላኩ ላይ እኔም እስማማለሁ። ከአንድ ሰዓት ቴራፒ ይልቅ ቤት ውስጥ ሲጫወት የተቀዳ አንድ ደቂቃ ብዙ ይነግረኛል።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ምን ብለን እንጻፍለት?" ስላላችሁኝ እኔ ለወላጆች የምሰጠውን ልለጥፍ። ቴራፒስታችሁ በሰጠቻችሁ ድምፅ ቀይሩት።

"ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ነው። አሁን የሚለማመደው ከ ን በቃል መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚታዩ፣ ልጅ የሚያውቃቸው፣ አጫጭር ቃላት አውጣ። ተ፣ ጠ ወይም ቀ ያለበትን ቃል አታስገባ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ቃል ተወው። ከዚያ በእነዚህ ቃላት አጭር ተረት ጻፍ፣ እያንዳንዱ ቃል ደጋግሞ ይምጣ። ልጁ ወንድ ነው፣ አንተ እያልክ ጻፍ።"

የመጨረሻዋን አትርሷት፣ ካልነገራችሁት በአንድ ተረት ውስጥ አንተም አንቺም ይለዋል። ያወጣውን ቃል ሁሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሰምታችሁት የማታውቁት ቃል ካለ ሰርዙት፣ አንዳንዴ ከራሱ ይፈጥራል። አታስገባ ያላችሁትን ፊደልም አሾልኮ ያስገባል፣ ለምሳሌ "ኮት" ውስጥ "ተ" አለ። መጀመሪያ ላይ እኔም ለመነሻ ሰጥቼው ነበር፣ "ከ" ሲጸና ይገባል፣ ለልጁ ግን "ኮፍያ" እና "ኩባያ" ይቅደሙ።

ልጃችሁ የሚንተባተብ ከሆነ ይሄ ሁሉ አይሠራም። ለሚንተባተብ ልጅ "እንደገና በል" የሚል መሣሪያ አትስጡት። እሱ የሚፈልገው ቃሉን እስኪጨርስ የሚጠብቀው ሰው ነው።

አባት ከመቱ

እህታችን፣ ተባረኪ። ለ"ረ" ስቀይረው "ለ" ያለበትን ቃል ሁሉ አታስገባ ልበለው?

ቴራፒስት ነኝ

አዎ፣ ለጊዜው። "ሩዝ"፣ "በር"፣ "ዶሮ"፣ "በሬ"፣ "ብርድ" ጥሩ ናቸው። "በርበሬ" በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ቆየት ይበል። ቴራፒስትዎ "ቃሉ ላይ ጸንታለች" ስትልዎት ደግሞ በተቃራኒው "ረ" እና "ለ" ጎን ለጎን የሚመጡበትን ጨዋታ ይጀምሩ፤ "በራ" እና "በላ"፣ "ጠራ" እና "ጠላ"። መብራት አብርተው "በራ"፣ ዳቦ ጎርሰው "በላ"። እሷ ትበል፣ እርስዎ ያድርጉ። "በላ" ካለች እውነትም ይጉረሱ፣ መብራቱን አያብሩ። ራሷ ሰምታ ታርመዋለች። ከዚያ ቀድተው ለቴራፒስትዎ በቴሌግራም ይላኩ።